ሁለት ጣት ቀንሺ

ለምናፍቅሽና ለተቀየምኩሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃውን ያስወጣሻል ወይስ አሁንም ግድግዳ እየያዝሽ ነው? ግራ እጄን ይቆረጥመኛል ማለትሽን ጎረቤታችን ነርሷ ነግራኛለች። ቅባቱን ሳትረሺ ተቀቢ፤ ካውያውንም ለጊዜው ለሌላ ሰው ተይው። በዚያ ቤት ካውያ የሚይዝ እጅ ከጠፋ ወንድሜ ሁለት ጤነኛ እጆች አሉት። ሥራም ቀዝቅዞበታል ሲባል ስለሰማሁ ጊዜ አያጣም።

እኔ ደህና ነኝ። ትንሿ እህቴም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ከእኔ ጋር እየተጋፋች ትተኛለች። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን እናውቃለን፤ በስልክ ካወራን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እንባሽን ሳልችል ቀርቼ ያላመንኩበትን እሺ እላለሁ። ወረቀት አያለቅስም። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢኝ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ነርሷ ቃል በቃል ነው ያደረሰችው፤ ስትናገሪ ወንድሜ አጠገብሽ ቆሞ እንደነበርም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ወንድምሽን በሠርጉ ቀን አዋረድሽው፣ የአባትሽን ስም አፈር አስበላሽው፣ ትንሿን ቶሎ መልሻት፣ አንቺም መጥተሽ እግሩ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ ብለሻል።

መልሴ ይኸውልሽ። ትንሿን አልመልስም። ይቅርታም አልጠይቅም። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ትዪኝ ነበር። እኔ ቂሜን ይዤ ጠዋት ማታ እየጸለይኩ ነው፤ እስካሁን አላሳለኝም።

አሁን ደግሞ የሆነውን ከእኔ አፍ ስሚው። የምታውቂውንም ቢሆን እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም በዚያ ቤት የሚታወቅ ነገር ሁሉ የማይነገር ነበር።

ሱቃችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ቁመት ሙሉ መስታወት አለው፣ ለደንበኛ የሚሆን ሶፋ አለው፣ የአባባ ፎቶ አለው፣ ከፎቶው በላይ ደግሞ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ትልቁ መቀሳቸው አለ። ያንን መቀስ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር፤ ይህን ቤት ያቆመ መቀስ ነው ይሉ ነበር። የኋለኛው ክፍል መስኮት የለውም። ረጅም ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አምፖል፤ በቃ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ቡናማ መጋረጃ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አባባ አንድ የማይለወጥ ሕግ ነበራቸው፦ ሴት የቆረጠችው ሱፍ ወንድን ያሳንሳል። ስለዚህ ከፊት ያለው ወንድ ሜትሩን ይዞ ይለካል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ደንበኛው ለግርማ ሞገስ የሚጠራ ይመስለዋል። ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ትሰማለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ሰው እስኪወጣም ድረስ አታስነጥስም።

ሌላም ጉራ ነበረን። እዚህ ቤት ሁለቴ አይለካም። ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ ኮት ስታሰፊ መሃል ላይ መጥተሽ ትሞክሪያለሽ፤ እኛ ጋ ግን ደንበኛው አንዴ ይለካል፣ በቀጠሮው ቀን መጥቶ ይለብሳል፣ ልክክ ይላል። ከተማው ሁሉ ይህንን ያውቃል። የማያውቀው አውራ ጣቱን ነው።

ወንድሜ ከአባባ ያልወረሰው ነገር የለም፤ ሱቁን፣ ሶፋውን፣ ጉራውን፣ አውራ ጣቱንም ጭምር። አባባ ሜትር ሲይዙ ጫፉን አውራ ጣታቸው ሥር ያጥፉት ነበር። እሱም ልክ እንደሳቸው ያጥፈዋል። ስለዚህ የሚጠራው ቁጥር ሁልጊዜ ከእውነተኛው በሁለት ጣት ይበልጣል። ይህንን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ደብተሬን ከእጄ ተቀብለሽ፣ ያ ወንበር ላይ አስቀመጥሽኝና ጎንበስ ብለሽ፣ ከሚጠሩት ሁለት ጣት ቀንሺ፣ ለምን አትበይ፣ ዝም አይነቅዝም አልሽኝ። ከዚያ ጀርባሽን አዙረሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። አንቺ ይህንን ከየት እንዳወቅሽው እንኳ አልጠየቅኩሽም። ልጅ ነበርኩ፤ እያለቀስኩ ነበር።

አንደኛ በወጣሁ ዓመት ነው ከትምህርት ያስቀራችሁኝ። ወንድሜ ያን ዓመት ክፍል ደግሟል። እሱ ሲደግም ወንድ ልጅ እስኪበስል ጊዜ ይፈልጋል ተባለ። እኔ አንደኛ ስወጣ ሴት ልጅ እንደሆነ የሰው ቤት ናት ተባለ። የሰው ቤት ከሆንኩ ታዲያ ለምን በራሳችሁ ቤት መጋረጃ ጀርባ እንዳረጅ እንደተፈለገ የነገረኝ የለም። እሱ ጆጉ ክንዱ ሥር ተቀምጦ ውሃ ስጪኝ ይለኝ ነበር። እኔ ጨርቁን አስቀምጬ፣ ዞሬ መጥቼ፣ ክንዱ ሥር ያለውን ጆግ አንስቼ እቀዳለታለሁ። አንድ ቀን ክንድህን አንሳና ቅዳ ብለው በጥፊ ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? እኔ አልረሳሁትም። የመታኝ እጅሽም የቱ እንደነበር አልረሳሁም።

አባባ ካረፉ በኋላ ከተማው ወንድሜን ወርቅ እጅ አለው። ስሙ ሲወጣለት አንቺም ተቀበልሽና ወርቅ እጁ ልጄ ትዪው ጀመር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ጣቶቼ በመርፌ ተበሳስተው፣ ወገቤ ጎብጦ፣ ወርቁ የሌላ ሰው እጅ ላይ ሲያበራ እሰማለሁ። ለፍቼ ለፍቼ እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ማለት ይኼ ነው። ያንንም ችዬው ነበር፤ እውነቴን ነው። ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ሻንጣዬን ይዤ በዝምታ እሄድ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የሆነውን ግን አልቻልኩትም። በሌላ ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝቻለሁ፣ የራሴን ልብስ ስፌት ልከፍት ነው አልኳችሁ። ወንድሜ ሳቀ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ፣ ማን ሊለካልሽ ነው አለኝ። ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ ሂጂ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ፣ ወንበሩ እንደሆነ ባዶ አይቀርም፣ ትንሿ አለች አለ። ለአንዲት ሴት ይህን ያህል ትምህርት በቂ ነው አለ። ትንሿ ፊቷን ሳህኗ ላይ ደፋች። እኔ አንቺን አየሁሽ። የምትናገሪውን ጠበቅኩ። አንቺ ተነስተሽ ጆጉን አነሳሽና ውሃ ቀዳሽለት።

ከዚያ ወዲያ ትንሽ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። ታስቀሪዋለሽ፣ ማታ ጠርተሽ ትመክሪዋለሽ ብዬ አስቤ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ክር ገዝቼ ስመለስ ከኋለኛው ክፍል ድምፅሽን ሰማሁት። ትንሿ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች፤ የሒሳብ መጽሐፏ ጭኗ ላይ ነው። አንቺ ጎንበስ ብለሽ፣ ከሚጠራው ሁለት ጣት ቀንሺ፣ ለምን አትበይ አልሻት። ያችው ቃል፣ ያው ድምፅ። ክሩ ከእጄ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት፤ ጨርቁን ሳይሆን ሐሳቤን። ወርቅ እጅ የሚባል ሰው እስካለ ድረስ ያ ወንበር ሴት ልጅ ይፈልጋል። እኔ ብሄድ ትንሿ፣ ትንሿ ብታመልጥ ሌላ። ወርቁ ከረገፈ ግን ወንበሩ የማገዶ እንጨት ነው።

እድሌ ሆኖ ሠርጉ ደረሰ። የሙሽሪት አባት፣ ወንድሞቿ፣ የወንድሜ ሚዜዎች፣ ሁሉም ከወርቅ እጅ ሱቅ እንዲለብሱ ተወሰነ። የፊተኛው ክፍል በሳቅና በሙዚቃ ተናወጠ። ወንድሜ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አንድ በአንድ ለካቸው። ትከሻ! እያለ ይጠራል፣ እጅጌ! እያለ ይጠራል፣ አውራ ጣቱ እንደልማዷ ሜትሯን ትበላለች። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ሰማሁት። ከዚያ የጠራውን ቆረጥኩ። የጠራውን ብቻ። አንዲት ጣት አልቀነስኩም፣ አንዲት ጣት አልጨመርኩም።

ትንሿ ገበር ስትዘመዝም አየችና ደነገጠች። እህት ዓለም፣ መቀነሱን ረሳሽው እኮ አለችኝ። ዛሬ የወንድማችንን ቃል እናከብራለን አልኳት። ትንሽ አሰበችና መርፌዋን ቀጠለች። ይህች ልጅ ሒሳብ ይገባታል ብዬሽ የለ።

የወንድሜን ልብስ ግን ራሴ ለካሁት። ሙሽራ ራሱን አይለካምና ወደ ኋላ መጥቶ ቆመልኝ። እማዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኮት ሰፍቼ አላውቅም። ትከሻው ላይ እንደ ቆዳው ተኛለት። እንዳትጠራጠሪ፣ በፍቅር አይደለም የሰፋሁት። ከነዚያ ሁሉ መሃል ልክ የሆነው እሱ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ማን ራሱን ብቻ እንዳሳመረ ሰው ሁሉ አይቶ እንዲጠይቅ።

በዋዜማው ፈርቼ ነበር፤ ኮቶቹን የምትተኩሺው አንቺ ነበርሽና። በሩ ላይ ቆሜ አየሁሽ። አንዱን እጅጌ ዘረጋሽ፣ ተኮስሽ፣ ሌላውን ዘረጋሽ፣ ተኮስሽ። አንዱ ኮት ላይ ቆም ብለሽ ትከሻውን በመዳፍሽ ዳሰስሽው። አለቀልኝ አልኩ። አንቺ ግን አጥፈሽ አስቀመጥሽው፣ በላዩም ነጭ አንሶላ አለበስሽና መብራቱን አጠፋሽ። ዓይኗ ደክሟል፣ እግዜር ይመስገን ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት የሆነውን አንቺም አይተሻል፤ ግን ልድገመው፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ሰዎቹ ለብሰው ሲወጡ ሰልፍ የወጡ አይመስሉም ነበር፤ የአባታቸውን ኮት የለበሱ ሕፃናት ይመስሉ ነበር። ሚዜዎቹ ጣታቸው አይታይም። ለሰው እጅ ሲዘረጉ ጨርቅ ነው የሚጨበጠው። የሙሽሪት ወንድሞች ሱሪያቸውን እየረገጡ ይደናቀፋሉ። የሙሽሪት አባት ደግሞ፣ ያ በአንድ ጩኸት የጭነት መኪና ተራውን ሁሉ ዝም ያሰኝ የነበረው ሰውዬ፣ ትከሻው ወደ ክንዱ ወርዶ አንገቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው፣ ልጄ ምነው እንዲህ ከሳህ፣ ታመህ ነበር እንዴ፣ ሳንጠይቅህ ቀረን እኮ አሉት። ሰው ፈነዳ። ሙሽሪት እንኳ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በመሃላቸው ወንድሜ ልክክ ባለ ኮት ቆሟል።

አማቱ ቀላ። ኮቱን አወለቀና ደረቱ ላይ ወርውሮለት፣ አንተ ወርቅ እጅ አይደለህ፣ በል መቀስ ይምጣና ይህን እጅጌ አሁን እዚሁ አሳጥርልኝ አለው። መቀስ መጣ። መርፌ መጣ። ወንድሜ መቀሱን ይዞ ቆመ። እጅጌውን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከየት እንደሚጀመር አያውቅማ! ሰው ሁሉ ያየዋል። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ፈለገኝ። እህቴ፣ እስቲ ነይ አለኝ፤ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ። ያንን ቃል ሳልሰማ ነው ያደግኩት፤ ምናልባት በሌላ ቀን ቢሆን እሮጥ ነበር። የዚያን ቀን ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ወንድም ጋሼ፣ አባባ ያሉትን ረሳኸው እንዴ፣ ሴት የቆረጠችው ሱፍ ወንድን ያሳንሳል አልኩት። ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው ያን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ብልሽ አላጋነንኩም።

አሁን እሷ ናት ያበላሸችው እያለ በየሰዉ ቤት ይዞራል አሉ። ይዙር። እሱ ከቆረጠው ጥፋቱ የራሱ ነው። እኔ ከቆረጥኩት ደግሞ ወርቁም የእኔ ነበር ማለት ነው። ከሁለት አንዱን ይምረጥ፤ በሁለቱም እስማማለሁ። ደንበኛም ኮት ሳንሞክር አንወስድም እያለ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ከሞከሩ ደግሞ የሚያስተካክል ሊኖር ነው፣ የሚያስተካክለው ደግሞ... ይኼውልሽ፣ ስጽፍልሽ እንኳ ጥርሴ ይታያል። ሙሽሪት ግን አሳዝናኛለች። አደራሽን፣ ያ ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ፣ መቀስ ጨርሶ አልችልም በይ በያት።

አንቺ ላይ ያለኝ ቂም ግን ከሁሉም ይበልጣል። ወንድሜ የተሰጠውን ነው የተቀበለው። ወንድ ልጅ ሲሰጡት አይጠይቅም። አንቺ ግን ሴት ሆነሽ፣ የኋላውን ክፍል ጨለማ እያወቅሽ፣ መጀመሪያ እኔን ቀጥሎ ትንሿን በእጅሽ እየመራሽ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥሽ ምን ቢሉት ይገባል? ይህንን ልጠይቅሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። ይቅር እንዳላልኩሽም ልነግርሽ።

*

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ትናንት ልዘጋው ፖስታ ገዝቼ ስገባ ትንሿ ሻንጣዋን መሬት ላይ ገልብጣ አገኘኋት። ካልሲ ፈልጋ ነው። ለእረፍት ነው ብዬ ከሠርጉ ማግስት ይዣት ስወጣ ሻንጣዋን ያሰናዳሽው አንቺ ነበርሽ፤ የክረምት ሹራቧን ሁሉ ከተሽ ነበር፤ ለእረፍት ብቻ ለሚሄድ ልጅ በዛ ብዬ ነበር። ከሹራቡ ሥር በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አለ። ትንሿ እኔ አይደለሁም ያስቀመጥኩት አለች። ፈታሁት።

የአባባ መቀስ ነው። ከፎቶው በላይ የተሰቀለው።

የሠርጉ ግርግር ላይ ምስማሩ ባዶ መሆኑን ማንም ሳያይ መቅረቱ ገርሞኝ አነሳሁትና ቁራጭ ጨርቅ ልቆርጥበት ሞከርኩ። አልቆርጥም አለኝ። ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጥም። ደንዟል መሰለኝ፤ ግን ስለቱ ምላጭ ነው። ገልበጥ አድርጌ አየሁት። የአውራ ጣት መግቢያው ተልጦ፣ ከመያዝ ብዛት አብረቅርቋል፤ የተሠራው ለግራ እጅ ነው።

አባባ በቀኛቸው ይጽፉ ነበር። በቀኛቸው ይበሉ ነበር። እኔንም የገረፉኝ በቀኛቸው ነው። ወንድሜም ቀኝ ነው፣ እኔም ቀኝ ነኝ፣ ትንሿም ቀኝ ናት። በቤታችን መርፌ በግራዋ የምታሾልክ፣ በግራዋ የምትተኩስ፣ በጥፊም ስትመታ በግራዋ የምትመታ አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው።

ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ እማዬ። ይህን ቤት ያቆመ መቀስ ነው ሲሉ የነበረውን አሰብኩ። ሁለት ጣት መቀነሱን ከየት እንዳወቅሽው አሰብኩ። ቆም ብለሽ የዳሰስሽውን ትከሻ አሰብኩ፣ አንሶላውንም አሰብኩ። ዓይኗ ደክሟል ያልኩትን ትቼዋለሁ።

ምንም አልጠይቅሽም። ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽም፤ ያ ገና ነው፤ ጥፊውም ገና ያመኛል፣ ትንሿን ወንበሩ ላይ ያስቀመጥሽበት ቀንም አለ። ግን የጻፍኩትን አንዱንም መስመር አልሰርዝም፤ ሁሉንም አንብቢው፤ አሁን ለተከሳሽ ሳይሆን አብራኝ ለተበደለች ሴት የተጻፈ ይመስለኛል።

ስለ ክፍሌ ልንገርሽ። ጠባብ ናት፤ ግን መንገድ ዳር ናት፣ ትልቅ መስኮት አላት፣ መጋረጃ አልሰቀልኩባትም። መንገደኛ ሁሉ ስቆርጥ ያየኛል። ባለፈው አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ኮት ሊያሰፋ ገባና የሚለካው ሰውዬ የታለ አለኝ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ወንድ ይታይሃል፣ ከእሱ ሌላ የለም አልኩት። ሳቀና ክንዱን ዘርግቶ ቆመልኝ። ሜትሩን ከጫፉ ነው የያዝኩት። ትንሿ ደግሞ ትምህርት ጀምራለች፤ ጠዋት ስትወጣ በመስኮቱ አያታለሁ፣ እሷም ጥጉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ታየኛለች። መቀስ አታስነኪኝ ብላኛለች፤ አላስነካትም። ስታድግ ከፈለገች በራሷ ታንሳው።

መስኮቱ አጠገብ ሁለተኛ ጠረጴዛ አስገብቻለሁ። ብርሃኑ ከቀኝ በኩል ነው የሚገባው፤ ለእኔ እጄ ጥላ ስለሚጥልብኝ አይመቸኝም። በግራው ለሚቆርጥ ሰው ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። መቀሱን እዚያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እዚህ ማንም አይሰቅለውም።

ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ እጅሽን ያሽርልኝ፣ ዓይንሽን እንዳለ ያቆይልኝ። ለነርሷ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ወንድሜ ምን አለች ብሎ ከጠየቀሽ ዝም በይው። ዝም አይነቅዝም የምትዪው ለካ ይኼን ኖሯል።

ስትመጪ ምንም አትያዢ፤ ዕቃሽ ቀድሞሽ ደርሷል።

የጠራሽውን የሰማች፣
ከመጋረጃው ወዲህ ያለችው ልጅሽ